ቁልፉን የማያውቅ መኪና

በጅቡቲ ወደብ ከመርከብ የወረደ አሮጌ መኪና የሚረከብ ሰው አንዳንድ ጊዜ እንዲህ ያለ ችግር ያገኘዋል። ሞተሪኖው ይዞራል፤ ሞተሩ ግን አይነሣም፤ ወይም ለቅጽበት ተነሥቶ ይጠፋል። ባለ መኪናውም ሞተሩ ተበላሽቷል ብሎ ያዝናል። እኛ ግን አስቀድሞ በመሪው ፊት ያለችውን፣ የቁልፍ ወይም የመኪና ሥዕል ያለባትን መብራት ይመልከቱ እንላለን። መብራቷ ቶሎ ቶሎ ብልጭ የምትል ከሆነ፣ ብዙውን ጊዜ የከለከለው የሌባ መከላከያው ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በቁልፉ እጀታ ውስጥ ቺፕ የሚባል ትንሽ ዕቃ ተቀብሯል። በቁልፍ ማስገቢያው ዙሪያ ያለው የሽቦ ጥቅል የቺፑን ምልክት ያነባል፤ ምልክቱ ካልተስማማ መኪናው ነዳጁን ወይም የካንዴላውን እሳት ይዘጋል። የአውሮፓ ኅብረት ይህን መሣሪያ ለአዳዲስ የቤት መኪኖች ከ1998 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ግዴታ አድርጎታል፤ ስለዚህ ዛሬ አሮጌ በምንላቸው በብዙዎቹ ውስጥ ይገኛል።

በባሕር ጉዞና በወደቡ ሙቀት የደከመ ባትሪም መሣሪያውን ያሳስተዋልና፣ በመጀመሪያ ባትሪው ይሞላ። ቀጥሎም በአንድ ቀለበት የታሰሩት የሌሎች መኪኖች ቁልፎች ይለዩ፤ ከዚያ በሁለተኛው ቁልፍ ይሞከር። በእርሱ ከተነሣ፣ ጥፋቱ የፊተኛው ቁልፍ ነው። ሽቦ እቆርጣለሁ ለሚል ሰው ግን መኪናዎን አይስጡ።

የሚያስደንቀን፣ ተረካቢው ስኮርታውንና ክሪኩን ቆጥሮ ሲፈርም ሁለተኛውን ቁልፍ አለመጠየቁ ነው። መኪናው ጋላፊን ካለፈ በኋላ ያ ቁልፍ ባሕር ማዶ ከሻጩ መሳቢያ ውስጥ ቀርቷል።