«ድምፅ የላትም» የተባለችው ተማሪ ጥርሷ ነው

ለመሆኑ በየክፍሉ በስሙ የሚጠራው ልጅ ስንት ነው? የመዝገቡን ትተን የሜዳውን ስም ብንቆጥር፣ «ገጣጣው» ወይም «ጥርሶ» የሚባል ልጅ የሌለበት ትምህርት ቤት ያለ አይመስለኝም። ስሙን የሚያወጡት ልጆች ናቸው፤ የሚያጸድቀው ግን ብዙ ጊዜ ስቆ የሚያልፈው መምህር ነው። በዚህ ገጽ ላይ ስለ ጥርስ ለመጻፍ የተነሣሁት በዚሁ ምክንያት ነው። «ስለ ጥርስ ደግሞ ምን ይጻፋል?» የሚል ጓደኛ አይጠፋም፤ እስቲ ታግሦ ያንብበው።

በመሠረቱ የጥርስ መዛባት እርግማንም ስንፍናም አይደለም። ሕፃን ልጅ 20 የወተት ጥርሶች አሉት። እነዚህም ከ6 ዓመት ገደማ ጀምሮ እስከ 12 ዓመት ድረስ እየወለቁ በቋሚዎቹ ይተካሉ። መንጋጋው ጠባብ፣ ጥርሱ ትልቅ ከሆነ ቦታ ያጣው ጥርስ ይደርባል ወይም ይጣመማል፤ ይህ በአብዛኛው ከወላጅ የሚወረስ ነው። ሌሎች ምክንያቶች ግን አሉ። አውራ ጣት መጥባት ቋሚ ጥርስ መብቀል ሲጀምርም ካልቆመ የላይኛዎቹን የፊት ጥርሶች ወደ ውጭ ይገፋቸዋል። የወተት ጥርስ በስብሶ ያለጊዜው ሲነቀል ደግሞ ጎረቤቶቹ ወደ ክፍቱ ቦታ ያዘነብሉና መጪው ቋሚ ጥርስ በሩ ተዘግቶ ይጠብቀዋል። «የወተት ጥርስ እኮ ነው፣ ለምን ይታከማል? መውለቁ አይቀር» የሚባለው እንግዲህ ልክ አይደለም። የወተት ጥርስ ቦታ ጠባቂ ነው።

ከዚህ የባሰም አለ። በብዙ የአገራችን አካባቢዎች ሕፃኑን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው «ግግ ነው» ተብሎ ድዱ ይፈለፈልና ገና ያልበቀለው ጥርስ ይወጣል። ብዙውን ጊዜ የሚፈለፈለው የክራንቻው ቦታ ነው። ተቅማጡ ከጥርስ የመጣ አይደለም፤ የሚፈሰው ደምና የሚያመረቅዘው ቁስል ግን ሕፃኑን እስከ ሞት ሊያደርሰው ይችላል። የተረፈውም ቢሆን ከሥር ያለው የቋሚ ጥርስ እንቡጥ ከተነካ፣ ጥርሱ ተበላሽቶ ወይም ቦታውን ስቶ ይበቅላል፤ አንዳንዴ ጭራሹን ይቀራል። ከዓመታት በኋላ ክፍል ውስጥ የሚሳቅበት ጥርስ አንዳንዱ በዚህ መንገድ የመጣ ነው።

ሕክምናው አዲስ ነገር አይደለም። ፈረንሳዊው የጥርስ ሐኪም ፒየር ፎሻር በ1728 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ጥርስን ከከበረ ማዕድን በተሠራ ቀጭን ዝርግ ላይ በክር እያሰሩ ስለ ማስተካከል ጽፎ ነበር። አሜሪካዊው ኤድዋርድ አንግል ደግሞ በ1899 እ.ኤ.አ. የንክሻ መዛባትን በሦስት መደብ ከፈለው፤ ክፍፍሉ እስከ ዛሬ ይሠራበታል። አሁን ብሬስ የምንለው እንዲህ ነው፦ በየጥርሱ ላይ ትንንሽ ማያያዣ ይለጠፍና ሽቦ ይተላለፍበታል። ሽቦው ጥርሱን በጉልበት አይጎትተውም፤ ቀስ ብሎ፣ ሳያቋርጥ ይገፋዋል። ጥርሱ በሚገፋበት በኩል አጥንቱ ይሟሟል፣ በለቀቀው በኩል ደግሞ አዲስ አጥንት ይሠራል። ስለዚህ አንድ ዓመት ተኩል፣ ሁለት ዓመት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይፈጃል። ሽቦው ከወጣ በኋላም ማቆያ ካልተደረገለት ጥርሱ ወደ ድሮ ቦታው መመለስ ይጀምራል። (ጥርስም አገሩን ይናፍቃል ማለት ነው።)

ታዲያ የተጣመመ ጥርስ ያለው ሁሉ ሽቦ ይሠርለት? በበኩሌ አይመስለኝም። እኛ አገር ፍንጭት ውበት ነው፤ በሌላ አገር ክሊኒክ ግን ያንኑ ክፍተት ለመዝጋት ገንዘብ ይከፈልበታል። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው። ልጁ አላምጦ ይበላል ወይ? የታች ጥርሱ የላይ ድዱን ያቆስለዋል ወይ? የተደራረበው ቦታ በመፋቂያ ይጸዳል ወይ? እነዚህ ላይ ችግር ከሌለ ጥርሱን ተዉለት። ችግር ካለም «ሂድና አስተካክል» ብሎ ልጁን ማሳቀቅ መፍትሔ አይሆንም። ሽቦ የሚያስረው ባለሙያ የሚገኘው በትልልቅ ከተሞች ነው፤ ዋጋውንም የአንድ ጀማሪ መምህር የወር ደመወዝ አይችለውም፣ የገበሬው ይቅርና።

ይሁን እንጂ ያለ ገንዘብ የሚሆን ነገር አለ። በማስተማር ልምምድ ወቅት፣ ስሙን በማልጠራው አንድ ትምህርት ቤት፣ አንዲት የ3ኛ ክፍል ተማሪ ጮክ ብላ እንድታነብ ስትታዘዝ መጽሐፉን አፏ ላይ ትለጥፈዋለች። መምህሩ «ይቺ ልጅ ድምፅ የላትም» ብለው ከ10 ሦስት ሰጧት። በዕረፍት ሰዓት ገመድ ስትዘል የሰማት ሰው ግን ድምፅ የላትም አይልም። የላይ ጥርሶቿ ወጣ ያሉ ናቸው፤ ከኋላ የተቀመጡት ልጆችም ገና ስትነሣ ይስቃሉ። ሦስቱ ነጥብ የማንበብ ነው ወይስ የጥርስ? የላይና የታች የፊት ጥርሱ የማይገናኝለት ልጅም «ሰ»ን እና «ዘ»ን ሲል ምላሱ በክፍተቱ ብቅ ይላል፤ ፊደሉን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። አንዳንድ ሰልጣኞች «ይሳቅበት፣ ይጠነክራል» ይላሉ። እኔ ያየኋት ልጅ አልጠነከረችም፤ ዝም አለች እንጂ።

የአሜሪካ የኦርቶዶንቲክስ ሐኪሞች ማኅበር ማንኛውም ልጅ ቢዘገይ በ7 ዓመቱ አንድ ጊዜ እንዲታይ ይመክራል። 7 ዓመት እኛ ዘንድ የ1ኛ ክፍል ዕድሜ ነው። የልጁን አፍ በየቀኑ የሚያየው እንግዲህ የ1ኛ ክፍል መምህር ነው ማለት ነው። ለዚህም ብዬ መምህሮቻችንን የምጠይቀው ብዙ አይደለም፦ በጤና ትምህርት ሰዓት ጥርስ አፋፋቅ ብቻ ሳይሆን፣ ስለ ጣት መጥባት፣ ስለ ወተት ጥርስና ስለ ግግ አንድ ክፍለ ጊዜ ይሰጠን። የማስተማር ልምምድ መገምገሚያው ላይም «ሰልጣኙ ተማሪዎችን በስማቸው ይጠራል ወይ?» የሚል አንድ መስመር ይጨመር።

የሚቃወመኝ ካለ ወረቀቱን ከዚህ በስተቀኝ ይለጥፍ፤ ቦታ ትቼለታለሁ።