ሁለተኛ ዲግሪ ከጋዋኑ በኋላ አይጀመርም

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ገላን መንገድ ዳር ብትቆሙ ሁለት ዓይነት ወጣት ታያላችሁ። አንዱ የፋብሪካ ሰርቪስ ይጠብቃል። ሌላው ደብተሩን ይዞ ወደ ቃሊቲ የሚሄድ ታክሲ ይጋፋል፤ ነርሲንግ፣ ፋርማሲ ወይም ጤና መኮንን ተማሪ ነው። ብዙ ጊዜ ሁለቱም ከአንድ ቤት የወጡ ናቸው፤ የአንዱ ደመወዝ የሌላውን የኮሌጅ ክፍያ ይከፍላል።

ይህን ተማሪ ወደፊት ምን አስበሃል ብትሉት መልሱ አንድ ነው፦ «ልመረቅና ማስተርሴን እቀጥላለሁ።» መልካም ሐሳብ ነው። ችግሩ «ልመረቅና» የምትለው ቃል ላይ ነው። ሁለተኛ ዲግሪ ከምረቃ በኋላ የሚታሰብ ነገር ይመስለዋል። እኔ ደግሞ የምለው፣ አብዛኛው ነገር የሚወሰነው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት ነው፤ ይህን ግን በጊዜው የሚነግረው ሰው የለም።

በመንገዱ ላይ ያሉትን በሮች እንቁጠር። አንደኛው የመውጫ ፈተና ነው። ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ለመጀመሪያ ጊዜ በሁሉም የትምህርት መስክ ሲሰጥ 150,184 ተማሪዎች ተፈትነው 61,054ቱ አለፉ። ሲተነተን ነገሩ ይከብዳል፦ ከመንግሥት ተቋማት 62 በመቶ ያህሉ ሲያልፉ፣ ከግል ተቋማት ያለፉት 17 በመቶ ብቻ ነበሩ። ሁለተኛው በር የጤና ባለሙያው የሙያ ፈቃድ ምዘና ነው። ሦስተኛው ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የመጣው ብሔራዊ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተና ነው። በየዩኒቨርሲቲው የሚጠየቀው ነጥብና ቃለ መጠይቅ ከዚህ ሌላ ነው። ለሐኪሙም ቢሆን ስፔሻሊስት መሆን የሚቻለው በጤና ሚኒስቴር በኩል በሚደረገው የሬዚደንሲ ፈተናና ምደባ ነው።

ከእነዚህ በሮች አንዱም በሁለት ወር ጥናት አይከፈትም። አንደኛ ዓመት ላይ አናቶሚና ፊዚዮሎጂን ለማለፍ ብቻ የሸመደደ ልጅ፣ አራተኛ ዓመት ላይ ሃንድአውት ሰብስቦ ሌሊቱን ቢያነጋው የሚያደርገው «ሠርገኛ መጣ በርበሬ ቀንጥሱ» የሚባለውን ነው። የመጀመሪያ ዓመት የወረደ ነጥብም ኋላ በቀላሉ አይቃናም፤ ሒሳብ ነውና።

አሜሪካ ውስጥ ሕክምና ራሱ ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ የሚገባበት ትምህርት ስለሆነ፣ ሐኪም መሆን የሚፈልግ ልጅ ከአንደኛ ዓመት ጀምሮ የትኛውን ኮርስ ይውሰድ፣ የት ያገልግል የሚለውን የሚያማክረው ሰው ያገኛል። እኛ ዘንድ አብዛኛው ሐኪም የመጀመሪያ ዲግሪ ሳይዝ ስለሚገባ ይህ ባህል አልተፈጠረም። መንገዱ ግን እኛም ጋ አለ። በ2004 ዓ.ም. በ13 ተቋማት በተጀመረው አዲስ የሕክምና ትምህርት፣ የመጀመሪያ ዲግሪ ያላቸው የጤናና የተፈጥሮ ሳይንስ ምሩቃን ወደ ሕክምና ገብተዋል፤ የአዳማ ሆስፒታል ሕክምና ኮሌጅ አንዱ ነበር። ጤና መኮንኖች ደግሞ በድንገተኛ ቀዶ ሕክምና በማስተርስ እየሠለጠኑ፣ ስፔሻሊስት በሌለበት ወረዳ እናቶችን በኦፕራሲዮን አዋልደዋል። እንዲህ ያለ በር በመመሪያ ይከፈታል፣ በመመሪያም ይዘጋል። በተከፈተ ጊዜ የሚገባው ቀድሞ የተዘጋጀው ነው።

ታዲያ ተማሪው ምን ያድርግ? አንደኛ፣ የመመረቂያ ጽሑፉን ራሱ ይሥራ። በየምሰሶው «ሪሰርች እንሠራለን» የሚል ወረቀት ተለጥፏል፤ በቴሌግራምም ሞልቷል። ጽሑፍ የገዛ ልጅ ናሙና እንዴት እንደሚወሰድ፣ መረጃ እንዴት እንደሚተነተን ሳያውቅ ይመረቃል። የማስተርስ ትምህርት ግማሹ ደግሞ ይኸው ነው። ርዕስም ከሩቅ አይፈለግም። ገላን የፋብሪካ ከተማ ናት፤ የሠራተኛው ሳል፣ የጆሮው ችግር፣ በአቃቂ ወንዝ ውኃ የሚለማው አትክልት፣ በአዳማ መንገድ ላይ የሚደርሰው አደጋ ሁሉ ጥናት ይፈልጋል።

ሁለተኛ፣ ለልምምድ ጤና ጣቢያ ሲላክ ፊርማ አስፈርሞ አይመለስ። ነገ የድጋፍ ደብዳቤ የሚጽፍለት ሥራውን ያየ ባለሙያ ነው። ሦስተኛ፣ ቋንቋ። የመግቢያ ፈተናው በእንግሊዝኛ ነው፤ በሸገር ከተማ ጤና ጣቢያ የሚመጣው ታካሚ ግን ሕመሙን በአፋን ኦሮሞ ወይም በአማርኛ ነው የሚናገረው። ሦስቱንም የያዘ ልጅ ከሌላው አንድ እርምጃ ይቀድማል።

«የዕለት ክፍያ ለሚጨንቀው ልጅ ስለ ማስተርስ ማውራት ቅንጦት ነው» የሚሉ አሉ። ኑሮው እንደሚሉት ከባድ መሆኑን አልክድም። ድምዳሜያቸው ግን አይገባኝም። ሀብታም ልጅ አንድ ዓመት ቢያባክን ሌላ ዓመት ይከፈልለታል። የፋብሪካ ሠራተኛ ልጅ ያን ዕድል የለውም። ቀድሞ ማወቅ ከማንም በላይ የሚጠቅመው እሱን ነው።

ደግሞም ሸክሙን ሁሉ በተማሪው ትከሻ ላይ መጫን ፍትሕ አይደለም። ከመቶ ተፈታኝ 17 ብቻ ሲያልፉ ጥፋቱ የ83ቱ ስንፍና ብቻ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ሦስት ነገር እጠይቃለሁ። እያንዳንዱ የጤና ኮሌጅ በየትምህርት ክፍሉ ስንት ተማሪ አስፈትኖ ስንት እንዳለፈለት በመመዝገቢያው በር ላይ ይለጥፍ፤ ወላጅ ከመክፈሉ በፊት ይይ። ኮሌጆች ለአንደኛ ዓመት ተማሪ ስለ ፈቃድ፣ ስለ ድኅረ ምረቃና ስለ ሥራ ገበያው በግልጽ የሚነግር አማካሪ ይመድቡ። ትምህርት ሚኒስቴርና ጤና ሚኒስቴርም የመግቢያ መስፈርቶችን በየዓመቱ ቀድመው፣ በአንድ ቦታ ያውጡ። ከነዚህ አንዱም ብዙ በጀት አይጠይቅም።

በመጨረሻ ለተማሪዎቹ አንድ ነገር። ሁለተኛ ዲግሪን ከሥራ አጥነት መሸሸጊያ አታድርጉት። ግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች በደመወዝና በኑሮ ጥያቄ ሥራ እስከማቆም ሲደርሱ አይተናል፤ ከጠየቁት መካከል ስፔሻሊስቶችም ነበሩ። ወረቀት መደረብ ብቻውን እንጀራ አይሆንም። የሚቻል ከሆነ አንድ ሁለት ዓመት ታካሚ ፊት ቁሙ፤ የትኛው ሙያ እንደሚስማማችሁ የምታውቁት ያኔ ነው። ነጥባችሁን፣ ጽሑፋችሁንና ቋንቋችሁን ግን ከዛሬ ጀምሩ።

ታናሽ ወንድም ወይም እህት ጤና ኮሌጅ ያላችሁ፣ ይህን አስነብቡልኝ። ቸር ሰንብቱ።