ኃጢአትንና ወንጀልን ስለ መለየት

ሕግ የሚያወጡና የሚፈርዱ ሹማምንት፤ ሕዝብን የሚያስተምሩና ንስሐ የሚቀበሉ ካህናት፤ ሁለቱም የሰውን ነውር የሚመለከቱ ቢሆኑም ሥራቸው አንድ አይደለም። ካህን ኃጢአትን በምክርና በንስሐ ያክማል፤ ዳኛ ግን ወንጀልን በቅጣት ይገታል። እነዚህ ሁለት ሥራዎች በተቀላቀሉ ጊዜ ምን ጉዳት እንደሚደርስ፤ በተለዩም ጊዜ የሕዝብ አሳብ እንደምን እንደሚለወጥ ለመረዳት የእንግሊዝን አገር ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። ነገሩም ወንድ ወንድን፤ ሴትም ሴትን ስለሚያፈቅሩ ሰዎች ነው። የምንጠቅሳቸውም ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ቀድሞ በእንግሊዝ አገር ይህ ነገር የቤተ ክህነት ጉዳይ ነበር። ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ በ1533 ባወጣው ሕግ ግን ወደ መንግሥት ዳኞች ተዛወረ፤ ቅጣቱም ሞት ሆነ። በዚህ ወንጀል ሰዎች ለመጨረሻ ጊዜ የተሰቀሉት በ1835 ሲሆን፤ የሞቱ ቅጣት የተሻረው በ1861 ነው። ሆኖም በ1885 የወጣው ሕግ ወንዶች በስውር ያደረጉትን እንኳ እስከ ሁለት ዓመት እስራት የሚያስቀጣ አደረገው። ዝነኛው ደራሲ ኦስካር ዋይልድ በ1895 ከከባድ ሥራ ጋር ሁለት ዓመት የታሰረው በዚህ ሕግ ነው። ከዚህም የተነሣ፤ ምሥጢርህን እገልጥብሃለሁ እያሉ ገንዘብ የሚቀሙ ክፉዎች ሕጉን መሣሪያቸው አደረጉት።

ጉዳቱ ለመንግሥቱ ባለውለታ ለሆነ ሰው እንኳ አልተመለሰም። አለን ቱሪንግ የተባለው የሒሳብ ሊቅ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጀርመንን የምሥጢር ጽሕፈት ከፈቱት ሰዎች ዋነኛው ነበር። በ1952 ቤቱ ተሰርቆበት ለፖሊስ ባመለከተ ጊዜ ምርመራው ወደ ራሱ ዞረና ተፈረደበት። እስራቱን ትቶ ተፈጥሮውን የሚለውጥ መድኃኒት እንዲወጋ ተስማማ፤ በ1954 ዕድሜው 41 ሲሆን ሞተ። አሟሟቱን የመረመረው ዳኛም ራሱን በመርዝ ገደለ ሲል ወሰነ።

በዚያው በ1954 መንግሥቱ ጆን ዎልፈንደን የሚመሩት መርማሪ ኮሚቴ አቆመ። ኮሚቴውም ሦስት ዓመት ያህል መርምሮ በ1957 ዕድሜያቸው የደረሰ ሰዎች በፈቃዳቸው፤ በስውርም የሚያደርጉት ሥራ የወንጀል ሕግ ጉዳይ ሊሆን አይገባም ሲል አሳቡን አቀረበ። ከአባሎቹ አንዱ ጄምስ አዴር ይህን ተቃወሙ።

ከሁሉ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው የካህናቱ አቋም ነው። የካንተርበሪው ሊቀ ጳጳስ ጄፍሪ ፊሸር ሥራው ኃጢአት መሆኑን ሳይክዱ ወንጀል ሊባል ግን አይገባም በማለት የኮሚቴውን አሳብ ደገፉ። በእሳቸው እግር የተተኩት ማይክል ራምዚም በሕግ መወሰኛው ምክር ቤት ይህንኑ አጸኑ። ሕጉ በእንግሊዝና በዌልስ በ1967 ተለወጠ፤ በስኮትላንድ በ1980፤ በሰሜን አየርላንድም የአውሮፓ የሰብአዊ መብት ፍርድ ቤት በ1981 ከፈረደ በኋላ በ1982 ተከተለ።

የሕዝብ ልብ ግን በአዋጅ ወዲያው አይለወጥም። በ1983 በተደረገው የሕዝብ አሳብ ጥያቄ ከመቶ 50 ያህሉ ነገሩ ምን ጊዜም ስሕተት ነው አሉ፤ የኤድስ ፍርሃት በበረታበት በ1987 ደግሞ ቁጥሩ 64 ደረሰ። በ2022 ግን ከመቶ 67ቱ ምንም ስሕተት የለበትም ሲሉ መለሱ። ለዚህ ብዙ ምክንያት ቢኖርም ዋናው ይህ ይመስለናል፤ ወህኒ የሚፈራ ሰው ይሰወራል፤ የተሰወረም በወሬ ብቻ ይታወቃል። ፍርሃቱ ሲቀልለት ግን ያው ልጅ፤ ወንድም፤ የሥራ ባልደረባ ሆኖ ይገኛል። ወሬን መጥላት ቀላል ነው፤ ወንድምን መጥላት ግን ይከብዳል።

ሕግ ካልቀጣ ኃጢአትን እንደ መፍቀድ ነው የሚሉ አይታጡም። ነገር ግን በእንግሊዝ አገር አመንዝራ በወህኒ አይቀጣም፤ ቤተ ክርስቲያኒቱም ስለዚህ ስለ ትዳር ንጽሕና ማስተማርዋን አልተወችም። በዳኛ ዱላ ካልተደገፈ የማይቆም ትምህርት ድሮውንም ደካማ ነበር።

ጠቅላይ ሚኒስትሩ ጎርደን ብራውን በ2009 በቱሪንግ ላይ ስለ ተፈጸመው ነገር መንግሥቱን ወክለው ይቅርታ ጠየቁ፤ በ2013 የንግሥቲቱ ምሕረት ተሰጠው፤ በ2017 በወጣው ሕግም እንደ እርሱ ተፈርዶባቸው ለሞቱ ብዙ ሺህ ሰዎች ምሕረት ተደረገ። በ2021 ሥዕሉ በ50 ፓውንዱ የገንዘብ ወረቀት ላይ ታተመ። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ነገር ግን ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው፤ ምሕረቱ የደረሰው ለመቃብሩ እንጂ ለሰውየው አይደለም።

የየአገሩ ሕግና ልማድ ልዩ ልዩ መሆኑን እናውቃለን። ሆኖም በየትም አገር ቢሆን ሹም ቅጣት ከመወሰኑ በፊት በዚህ ሥራ የተበደለው ማን ነው ብሎ ይጠይቅ፤ ካህንም የንስሐን አገልግሎት ለወህኒ ጠባቂ አሳልፎ አይስጥ። የእግዚአብሔር ምሕረት ሙታንንም ይደርሳል፤ የመንግሥት ምሕረት ግን የሚጠቅመው ሰው በሕይወት ሳለ ብቻ ነው።