መንገዱ የማን ነው?



የሰንዳፋ ልጆች ሩጫን የሚማሩት ከእኛ ከመምህራኑ አይደለም። ማለዳ አስፋልቱን ይዘው የሚያልፉትን አትሌቶች እያዩ ነው የሚያድጉት። እኛ ልናስተምራቸው የሚገባን አንድ ነገር ግን ነበር፤ እሱንም ዘንግተነው ኖረናል።

አንድ ቀን በእረፍት ሰዓት ተማሪዎቻችን እስከ ባሕር ዛፉ ደርሶ መልስ ይሽቀዳደሙ ነበር። ዛፉን ሲዞሩ አንዱ ሌላውን በትከሻው ገፍቶ ቀደመ። እኛም ዳር ቆመን አጨበጨብንለት። የወደቀው ልጅ ክንዱ ተሰብሮ ነበር። ማታ ልንጠይቀው ቤታቸው ስንሄድ እናቱ፣ «መምህር፣ ክንዱስ በአላህ ፈቃድ ይድናል። እሱ ግን ‹ለገፋኝ ልጅ አጨበጨቡለት› እያለ ያለቅሳል» አሉን። መልስ አልነበረንም።

ይህ ጉዳይ አዋቂዎችንም ያከራክራል። ነሐሴ 5 ቀን 2016 ዓ.ም. በፓሪስ ኦሎምፒክ የሴቶች ማራቶን ትዕግስት አሰፋና ለኔዘርላንድ የምትሮጠው የአዳማ ተወላጅ ሲፈን ሐሰን ሊጨርሱ ጥቂት ሲቀራቸው በክርን ተነካክተዋል። ሲፈን በ3 ሰከንድ ቀድማ አሸነፈች፤ ኢትዮጵያ ያቀረበችው አቤቱታም ተቀባይነት አላገኘም። እንዲህ ያለውን ዳኞች ይመለከቱታል። የእኛ ሜዳ ግን ዳኛ የለውም፤ ስለዚህ ሕጉ በልጆቹ ልብ ውስጥ መቀመጥ አለበት።

በዚህ ረገድ በአገራችን ብዙም ያልተለመደው የቤዝቦል ጨዋታ ጥሩ ትምህርት ይሰጣል። ልጁ ኳሷን በዱላ መትቶ ቤዝ የሚባሉትን አራት ማረፊያዎች ይዞራል። የተመታችውን ኳስ ሊይዝ የተዘጋጀ ተከላካይ መንገዱ ላይ ካለ ቅድሚያው የተከላካዩ ነው፤ ሯጩ ዞሮ ማለፍ አለበት፣ ካደናቀፈው ይወጣል። በአንጻሩ ኳስ ያልያዘና ለመያዝም ያልተዘጋጀ ተከላካይ መንገድ መዝጋት አይችልም፤ ከዘጋ ሯጩ ቀጣዩ ማረፊያ ሊሰጠው ይችላል። በታዳጊዎች ሊግ ደግሞ ኳስ ይዞ የሚጠብቀውን ተከላካይ ሯጩ ገጭቶ ማለፍ የለበትም፤ ወይ ይንሸራተታል፣ ወይ ሊዞረው ይሞክራል። የአሜሪካ ታላቁ ሊግ እንኳ እ.ኤ.አ. በ2011 ባስተር ፖዚ በሯጭ ተገጭቶ እግሩ ከተሰበረ በኋላ፣ በ2014 እንዲህ ያለውን ግጭት የሚገታ ደንብ አውጥቷል።

እንግዲህ ልብ እንበል። ሕጉ ለሯጩም ለተከላካዩም አያዳላም። «መንገዱ የማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል፤ መልሱንም ጨዋታው ሳይጀመር ሁሉም ያውቀዋል።

እኛም ከዚያ ወዲህ ሦስት ነገር ደንግገናል። አንደኛ፣ ሁሉም በአንድ ዛፍ አይዞርም፤ ለእያንዳንዱ ሯጭ የየራሱ ምልክት በየራሱ መስመር ይተከላል፤ ግጭቱ የሚበዛው መዞሪያው ላይ ነውና። ሁለተኛ፣ ከኋላ የመጣው ዞሮ ይለፍ፤ የፊተኛውም መስመሩን ለቆ አይዝጋበት። ሦስተኛ፣ የገፋ ልጅ ቀድሞ ቢደርስም መጨረሻ ይባላል።

ወላጆች ሆይ! ልጃችሁ ከጨዋታ ሲመለስ «አሸነፍክ?» ከማለታችሁ በፊት «ከማን ጋር ተጫወትክ? እሱስ ደኅና ገባ?» በሉት። የምናጨበጭብለትን ነገር ልጆቻችን ይይዙታልና። እኛ ይህን የተማርነው በሰው ልጅ ክንድ ነው።