እባብ የነደፈውንና ሱስ የያዘውን ሰው ስለ መርዳት

ወጣቶች ሆይ፤ በአብደራፊ ሜዳ ሰሊጥ የሚያርመውን ወይም የሚያጭደውን የቀን ሠራተኛ እባብ የነደፈው እንደ ሆነ፥ ጓደኞቹ «ለምን ባዶ እግሩን ሄደ?» ብለው አይከራከሩም። በቃሬዛም በትራክተርም አድርገው ወደ ሐኪም ያደርሱታል። ድንበር የለሽ ሐኪሞች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2003 ዓ.ም. በዚሁ ከተማ የካላዛርን ሕክምና ሲጀምሩም፥ በሽተኛውን ስለ ጠባዩ የጠየቀው የለም።

ዳሩ ግን ያው ሠራተኛ በአረቄ ወይም ያለ ሐኪም ትእዛዝ በተገዛ እንክብል የወደቀ እንደ ሆነ፥ ፍርዱ ሌላ ነው። «ጥጋበኛ ነው፤ ይተኛና ይለፍለት» ይባላል። እኔ ይህን ፍርድ እቃወማለሁ፤ ሰው ይገድላልና።

ትራማዶልን የመሰለ የሕመም ማስታገሻ ከአረቄ ጋር ሲደባለቅ ትንፋሽን ያደክማል። ሰውየው እንደሚያንኮራፋ ይሆናል፤ ከንፈሩም ይጠቁራል። ያን ጊዜ ቡና ወይም ወተት በአፉ ማፍሰስ ማነቅ ነው። በጎኑ አስተኝቶ፥ ትንፋሹን እየጠበቁ፥ የተረፈውን እንክብል ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ መሮጥ ይገባል። ከኦፒየም ወገን ለሆኑት መድኃኒቶች ናሎክሶን የሚባል ማርከሻ አለ፤ በአሜሪካ የተፈቀደው እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1971 ዓ.ም. ነው። የእባብ መርዝ ማርከሻ የሚጠይቅ ሕዝብ ይህንንስ ስለ ምን አይጠይቅም?

ሌሎች ደግሞ «ቤት ቆልፈንበት በሦስት ቀን እናስተወዋለን» ይላሉ። ብዙ ዘመን አረቄ ሲጠጣ የኖረ ሰው በድንገት ቢያቆም፥ በሁለተኛውና በሦስተኛው ቀን ሊንቀጠቀጥ፥ እንደሚጥል በሽታ ሊጥለው፥ የሌለ ነገር ሊያይ ይችላል። ካስተማርኋቸው አንዱ እንዲህ ሲሆን ዘመዶቹ ገመዱን አጠበቁበት፤ በሦስተኛው ሌሊት ዐረፈ። በሐኪም እጅ ቢሆን ኖሮ መንቀጥቀጡን የሚያበርድ መድኃኒት ይሰጠው ነበር። ጠበል መውሰዱን አልነቅፍም፤ የምነቅፈው መድኃኒቱን ጣል የሚለውን ነው።

ደግሞስ ስለ ሱሰኛው ድካም የሚሰብክ ሰው ስለ ሻጩ ለምን ዝም ይላል? በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። ከደጋ ለአረም የወረደውን ጺም ያላበቀለ ልጅ በዱቤ እያጠጣ ደመወዙን የሚጠብቀው ነጋዴ ግን ጨዋ ይባላል፤ በድግስም ከፍ ካለው ወንበር ይቀመጣል።

እናንተ ማንበብ የምትችሉ ልጆች ሆይ፤ ሱሰኛውን መጀመሪያ ወደ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ከዚያ የሚበልጥ ቢሆን በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አለ፤ በአዲስ አበባም አማኑኤል ሆስፒታል አለ። ታክሞ የተመለሰውም እንደ ገና ቢወድቅ፥ ወባ ሁለተኛ እንደ ያዘው ሰው ደግሞ ይወሰዳል እንጂ «አልን አይደለም ወይ!» አይባልም። የመኪናውን ዋጋ በአንድ ጎጆ የሚያድሩ ሠራተኞች ቢያዋጡ ይበቃል፤ ሬሳ ወደ አገሩ ለመላክ የሚያዋጡት ከዚህ ይበልጣልና።