ዑራ ኪዳነ ምሕረት ከልጅ ልጄ ጋር

ባለፈው ቅዳሜ የዘጠኝ ዓመቱን የልጅ ልጄን ይዤ ከባሕር ዳር በጀልባ ወደ ዘጌ ተሻገርኩ። አንድ ሰዓት ያህል ይፈጃል። እግረ መንገዴን ለወላጆች አንድ ነገር ልበል፦ ጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ፤ ልጆች ጥልቀት በሌለው ዳርቻ በባዶ እግራቸው አይንቦጫረቁ። የሕይወት አድን ጃኬቱንም ባለ ጀልባው እስኪሰጣችሁ አትጠብቁ፣ ጠይቁት።

ከወደቡ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ያለው መንገድ በቡና ጫካ ውስጥ ዳገት ነው። ዘጌ በሬ ጠምዶ ማረስ ከጥንት ጀምሮ ክልክል ስለሆነ ጫካው እስከ ዛሬ አለ። ጉልበቴ ሁለት ጊዜ ድንጋይ ላይ አስቀመጠኝ።

ዑራ ኪዳነ ምሕረት በ14ኛው መቶ ዘመን በአቡነ በትረ ማርያም እንደተመሠረተ ይነገራል። ክብ ነው፤ ጫማ አውልቀን ገባን። የመቅደሱ ግድግዳ ከላይ እስከ ታች ሥዕል ነው፤ ጨርቅ ላይ ተስሎ የተለጠፈ። ጻድቃን በሁለት ዓይናቸው ሙሉ ፊት፣ ክፉዎች ግን በጎናቸው በአንድ ዓይን ይሳላሉ። ይህን ስነግረው ልጁ ዓይን ቆጠራ ጀመረ። ሊነካ ሲል እጁን ያዝኩት፤ የእጅ ወዝና እርጥበት ቀለሙን ይበላዋል።

በላኤ ሰብእ ጋ ሲደርስ ቆመ። 78 ሰው የበላው ሰውዬ በማርያም ስም ለለመነው በሽተኛ አንድ እፍኝ ውኃ ሰጥቶ እንደዳነ ነገርኩት።

«እማማ፣ በሽተኛው ምን ሆኖ ነው?»

«ሥጋ ደዌ ነው። ዛሬ ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት በሚዋጥ መድኃኒት ይድናል፤ ሕክምና ከጀመረ ደግሞ ወዲያው ማስተላለፉን ያቆማል» አልኩት።

ይህን ስናገር አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ገና ወጣት ነርስ ሳለሁ፣ አንድ የሥጋ ደዌ ሕመምተኛ ቁስላቸውን ካጠብኩላቸው በኋላ ቤታቸው ቡና አፈሉልኝ። መድኃኒቱን ከጀመሩ ቆይተዋል፤ እንደማይተላለፍብኝ በትምህርት አውቀዋለሁ። ሆኖም «ጾም ይዣለሁ» ብዬ ሲኒውን መለስኩት። ቀኑ የጾም አልነበረም፤ እርሳቸውም ያውቃሉ። ምንም አላሉኝም፤ ሲኒውን ተቀብለው ራሳቸው ጠጡት።

ለልጁ ነገርኩት። ትንሽ ዝም ብሎ ሥዕሉን ሲያይ ቆየና «ታዲያ ሌላ ቀን ሄደሽ ጠጣሽላቸው?» አለኝ።

አልሄድኩም።