«መንገድ ላይ ነኝ» እና ሌሎች የዕለት ተዕለት ውሸቶች

እስቲ ዛሬ በትንሽ ነገር እንጣላ። ፖለቲካውን ለባለፖለቲካው፣ ኳሱን ለባለኳሱ እንተውና በየቀኑ ደማችንን ስለሚያፈሉት ጥቃቅን ጉዳዮች እናውራ። ታክሲ ውስጥ የስልኩን ድምፅ ለሁሉም ለቅቆ የቤቱን ጉዳይ የሚዘረዝረው ሰው አለ። ሰልፍ ላይ ድንገት መሀል ገብቶ «ቅድም እዚህ ጋ ነበርኩ» የሚለው አለ። ከስንት ጊዜ በኋላ አግኝቶን ሰላምታውን «ወፈርሽ አይደል?» ብሎ የሚጀምረው አለ። ከጎናችን ተቀምጦ ቴሌግራማችንን አብሮን የሚያነበው (ጨርሶ ሳያነብ ገጹን ስንገፋው የሚከፋው!) አለ። ሁሉም ያናድዳሉ። ግን ሁሉም ተሰልፈው ቢወዳደሩ ወርቁን የሚወስደው አንድ ሰው ነው። ለነገሩ ሽልማቱ ላይም በሰዓቱ አይገኝም።

አርፋጁ!

አዎ፣ በ10 ሰዓት ቀጥሮን 11 ሰዓት ከሩብ ላይ እየሳቀ የሚመጣው። ማርፈዱስ ይሁን፣ ሳቁ ነው የሚገድለን። ይሄ ሰው የራሱ ቋንቋ አለው። ላልለመዳችሁት እንተርጉምላችሁ፦

«ተነስቻለሁ» ማለት፦ ከእንቅልፌ ነቅቻለሁ።

«መንገድ ላይ ነኝ» ማለት፦ ከአልጋ ወደ ሻወር በሚወስደው መንገድ ላይ ነኝ።

«ደርሻለሁ» ማለት፦ ታክሲ ተራ ደርሻለሁ። የሰፈሬ ታክሲ ተራ።

«አምስት ደቂቃ» ማለት፦ ይሄ የጊዜ መለኪያ አይደለም፤ ማስታገሻ ነው። በየሃያ ደቂቃው ይወሰዳል።

«ትራፊኩ!» ማለት፦ በዚህች ከተማ መኪና መኖሩን ዛሬ ገና ሰማሁ።

ይህን ሁሉ ዘርዝረን ስናማርር የሚሰጠን መልስ ሁልጊዜ አንድ ነው። ትከሻ ይሰበቃል፣ ፈገግታ ይጨመርበታል፣ ከዚያ «ምን ታደርጊዋለሽ፣ የሐበሻ ቀጠሮ ነው!» በቃ፣ ፋይሉ ተዘጋ።

እኛ ግን ፋይሉን መልሰን እንከፍተዋለን። ምክንያቱም «የሐበሻ ቀጠሮ» የሚባለው ነገር ስም ማጥፋት ነው። ሐበሻ ፍርድ ቤት ሄዶ ቢከስ ያሸንፋል። (በቀጠሮው ቀን ዳኛው ካልቀረ በስተቀር።)

ማስረጃ? ሞልቷል። ይሄ አገር ጾምና በዓላቱን የሚያሰላበት ባሕረ ሐሳብ የሚባል ሙሉ የስሌት ትምህርት አለው። አሥራ ሁለቱን ወር እኩል 30 30 ቀን ሰጥቶ፣ የተረፉትን 5 ቀናት (በየአራት ዓመቱ 6) ጳጉሜን ብሎ ለብቻ አስቀምጧል። መስከረም 1 ቀን 2000 ዓ.ም. ሚሌኒየሙን ስናከብር «ሐበሻ ሚሌኒየሙ ላይ እንኳ ሰባት ዓመት አረፈደ» ተብሎ ተቀለደብን። ቀልዱ ያስቃል፣ ግን ውሸት ነው። አቆጣጠራችን ሌላ ነው እንጂ አላረፈድንም። በራሳችን ካላንደር አንዲት ቀን እንኳ አላዛነፍንም።

ሌላ ማስረጃ። መስከረም 1993 ዓ.ም.፣ ሲድኒ ኦሊምፒክ፣ 10,000 ሜትር። ኃይሌ ገብረሥላሴ 25 ዙር ሙሉ ሮጦ ፖል ቴርጋትን የቀደመው በስንት ነበር? በ0.09 ሰከንድ። ልብ በሉ፣ ዘጠኝ መቶኛ ሰከንድ! በዚያች ቅንጣት ጊዜ ስንት ሰው አለቀሰ፣ ስንት ሰው ጎረቤቱን አቀፈ። ታዲያ የሰከንድ መቶኛ ሲያስለቅሰን የኖርን ሰዎች ሰባ አምስት ደቂቃ ምንም አይደለም ሲባል ዝም ማለት አለብን?

ይብቃን? አይበቃንም። በረመዳን ወር ቴምሩን በእጁ ይዞ አዛን የሚጠብቀውን ጓደኛችንን እዩት። በመግሪብ ቀልድ የለም። ዕድርን እዩ፦ የቀረ ይቀጣል፣ ያረፈደም የሚቀጣበት ብዙ ነው፣ ስለዚህ እነ እትዬ ነጠላቸውን አጣፍተው በሰዓታቸው ይገኛሉ። ኤርፖርትን እዩ፦ በረራው ሦስት ሰዓት ሲቀረው ሻንጣ ከነቤተሰቡ ተርሚናል ላይ ነው። የኤምባሲ በርን እዩ፦ የቪዛ ቀጠሮ ያለው ሰው ወፍ ሳይንጫጫ ደጁ ላይ ቆሞ ይገኛል። «የሐበሻ ቀጠሮ ነው» ብሎ ቆንስሏን ያስጠበቀ ሐበሻ እስካሁን አልሰማንም።

አሜሪካ ያሉት ዘመዶቻችንም ያው ናቸው። ዋሽንግተን ፓርኪንግ የሚሠራው የአክስታችን ልጅ ሺፍቱ ላይ አንድ ደቂቃ አያሳልፍም። ቅዳሜ ማታ የሐበሻ ክርስትና ሲጠራ ግን ሁለት ሰዓት ያረፍዳል። ሰውየው ያው ነው፤ ደሙ ያው፣ ሰዓቱም ያው። የተቀየረው ማን እየጠበቀው እንደሆነ ብቻ ነው።

ነገሩ እዚህ ላይ ነው! ሰዓት ማክበር እንችላለን። የምናከብረው ግን ለምንፈራው ነው። ለሚቀጣን፣ ከደሞዝ ለሚቆርጥብን፣ ጥሎን ለሚበር። የምናረፍደው ደግሞ ይቅር በሚለን ሰው ላይ ነው። በእህታችን፣ በጓደኛችን፣ በተላላኪያችን፣ በባለጉዳያችን። ስለዚህ ማርፈድ የባህል ጉዳይ አይደለም። የደረጃ ጉዳይ ነው። ያስጠበቀ ትልቅ ነው፣ የጠበቀ ትንሽ ነው። «አርፍጃለሁ» ማለት በአማርኛ ሲተረጎም «ያንቺ ጊዜ ከኔ ጊዜ ይረክሳል» ማለት ነው።

የሥራ ቃለ መጠይቅ አስቡ። ልጅቷ ለ2፡30 ተቀጥራ 2 ሰዓት ላይ ትደርሳለች። ጠያቂው 4 ሰዓት ላይ ይመጣል። እሷ አምስት ደቂቃ ብታረፍድ «ኃላፊነት የማይሰማት» ትባል ነበር። እሱ አንድ ሰዓት ተኩል አርፍዶ «ሥራ የሚበዛበት ሰው» ነው። የሁለቱም ስህተት አንድ ዓይነት ሲሆን ስሙ ለምን ይለያያል?

ጋዜጠኝነት ተምረን የወጣን ልጆች ደግሞ ይሄን በደንብ እናውቀዋለን። መግለጫ ይጠራል። ወረቀቱ 3 ሰዓት ይላል። ካሜራ ተተክሎ፣ መቅረጫ ተደርድሮ፣ ስልሳ ሰው ተቀምጦ «የክብር እንግዳው እስኪደርሱ በትዕግሥት እንድትጠብቁን» ይባላል። 5 ሰዓት ላይ ይደርሳሉ። አዳራሹ ብድግ ይላል፣ ጭብጨባ! እስቲ ሒሳቡን እንሥራው። ስልሳ ሰው ሁለት ሁለት ሰዓት ሲጠብቅ 120 ሰዓት ነው። በቀን ስምንት ሰዓት ለሚሠራ ሰው 15 የሥራ ቀን። ከአንድ ሰው ኪስ የ15 ቀን ደሞዝ የወሰደ ሌባ ይባላል። ከስልሳ ሰው የወሰደው ይጨበጨብለታል። እሳቸውም ማይኩን ይዘው ምን ይላሉ? «ጊዜያችሁን ላለመሻማት ያህል…»

ኧረ በሕግ አምላክ!

«ይሄን ያህል ምን ያንጨረጭራችኋል፣ ትንሽ መጠበቅ ማንን ገደለ?» የሚለን አይጠፋም። ለሚጠብቀው ሰው ትንሽ አይደለችም። ካፌ ገብታ አንድ ማኪያቶ ለአንድ ሰዓት የምታስታምም ልጅ፣ አስተናጋጁ ጠረጴዛዋን ሦስተኛ ጊዜ ሲወለውልላት ምን እያላት እንደሆነ ታውቃለች። «ና ነገ» የተባለ ባለጉዳይ ዛሬን ከሥራ ቀርቶ ነው የመጣው፤ ነገንም ሊቀር ነው። የቀን ሠራተኛ ከሆነ የሁለት ቀን እንጀራ ሄደ ማለት ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ይሄን ስሙን፣ በተለይ ወንዶች። አመሻሽ 12 ሰዓት ላይ «ፌርማታው ጋ ጠብቂኝ» ተብላ 1 ሰዓት ድረስ የቆመች ልጅ የምትጠብቀው አንተን ብቻ አይደለም። ጨለማውንም ነው የምትጠብቀው። የሚያልፈው ሁሉ «እኔን ነው የምትጠብቂው?» እያለ ይለክፋታል። መኪና እያዘገመ መስኮት ያወርድባታል። ቦርሳዋን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ ስልኳን ማውጣት ፈርታ፣ አንዴ ወደ ሱቁ መብራት ጠጋ አንዴ ራቅ ትላለች። አንተ በዚያ ሰዓት «መንገድ ላይ ነኝ» ብለሃታል። እውነቱን ብትነግራት ቤቷ ትቆይ ነበር። ትንሽ የምትሏት ውሸት ጎዳና ላይ አቁማታለች።

እሺ፣ ትራንስፖርቱስ? ትክክል ነው፣ ችግር ነው። የታክሲው ሰልፍ እንደሚጠመዘዝ፣ ክረምት ሲገባ መንገዱ ወንዝ እንደሚሆን እናውቃለን፤ እኛም እዚያው ሰልፍ ውስጥ ነን። ግን አንድ ነገር ታዝባችሁ ታውቃላችሁ? ከቱሉ ዲምቱና ከየካ አባዶ ኮንዶሚኒየም የሚመጡት ልጆች አብዛኛውን ጊዜ ቀድመው ይደርሳሉ። መንገዱን ስለሚያውቁት በጊዜ ይወጣሉ። የሚያረፍደው ቤቱ ከካፌው ጀርባ የሆነው ነው! ደግሞም በመንገድ የዘገየን ሰው ማንም አይቀየመውም። «ታክሲ አጣሁ፣ አርባ ደቂቃ እዘገያለሁ፣ ጉዳይሽን ጨርሺ» ብሎ የሚደውል ሰው አርፋጅ አይደለም፤ ጨዋ ነው። ጊዜያችንን መልሶልናልና። የምንጣላው ከውሸቱ ጋር ነው።

የውሸቱ ጣጣ ደግሞ እየተባዛ መሄዱ ነው። የሠርግ ካርድ ተመልከቱ። ደጋሹ እንግዳው እንደሚያረፍድ ስለሚያውቅ 8 ሰዓት ለማለት 7 ይጽፋል። እንግዳው ደግሞ ደጋሹ እንደሚዋሽ ስለሚያውቅ 9 ላይ ይመጣል። በሚቀጥለው ሠርግ 6 ይጻፋል። ሰዓታችን ልክ እንደ ብራችን የመግዛት አቅሙን አጣ። በዚህ መሀል የሚከስረው ማነው? ካርዱን አምኖ በሰዓቱ የመጣው የዋህ። ባዶ ድንኳን ውስጥ ከወንበር ደርዳሪዎቹ ጋር ይተያያል። ሐቀኛው እንደ ሞኝ የሚታይበት ቦታ ሐቀኛ አይበረክትም።

ተረትም ይጠቀስብናል። «ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል።» ይሂድ! እንቁላሉ ማንንም በ10 ሰዓት አልቀጠረም። «ከመቅረት መዘግየት ይሻላል።» መሻሉስ ይሻላል፤ ግን ተረቱ ለቸገረው ሰው መጽናኛ እንጂ ለሰነፍ የዓመት ፈቃድ አይደለም።

ስለዚህ ምን ይደረግ? እኛ የመረጥነው ቀላል ነው፤ አዋጅም በጀትም አይፈልግም። አንደኛ፣ አሥራ አምስት ደቂቃ እንጠብቃለን። ካልደወለ እንሄዳለን። ሳንሳደብ፣ ሳናኮርፍ፣ ሒሳባችንን ከፍለን። ሁለተኛ፣ ስብሰባው በመጡት ሰዎች ይጀመር። ያልመጣው እየተጠበቀ የመጣው ለምን ይቀጣል? ሦስተኛ፣ ካርድ ላይ እውነተኛ ሰዓት ይጻፍ፣ በተጻፈው ሰዓትም ምግቡ ይነሳ። ምግብ አልቆ የደረሰ ሰው ሁለተኛ አያረፍድም፤ ይሄን ዋስ እንሆናለን። አራተኛ፣ ላረፈደ ባለሥልጣን አይጨበጨብ። መነሳቱ ግዴታ ከሆነ እንነሳ፤ እጃችን ግን ኪሳችን ውስጥ ይቆይ።

«ሰው ምን ይለናል?» ይሉኝታ እዚህ ጋ ትመጣለች። አርፋጁ የሚኖረው በእኛ ይሉኝታ ነው። እሱ ሳያፍር እኛ ለእሱ እናፍርለታለን፤ «ኧረ ችግር የለውም፣ አሁን ነው የመጣሁት» እያልን ውሸቱን በውሸት እናጣጥፍለታለን። ችግር አለው! አንድ ሰዓት ነው የጠበቅነው! ይሄን ብቻ መናገር ብንለምድ ግማሹ አርፋጅ በሳምንቱ ይድን ነበር።

በሉ እንግዲህ፣ ዛሬ ከቀጠሯችሁ ሰው እንጀምር። አሥራ አምስቷ ደቂቃ ስታልፍ ተነሱ። ኋላ ደውሎ «የት ናችሁ?» ሲላችሁ ረጋ ብላችሁ «መንገድ ላይ ነን» በሉት። የእናንተ ግን እውነት ይሁን፦ ወደ ቤት በሚወስደው መንገድ ላይ።